‹‹ገባ ካላልሽ አላጠብቅም››

አባቴ ይሠራበት በነበረው ጋራዥ ስሙ ጆሮ ነበር። ጆሮ ያሉት ሞተር ሰምቶ በሽታውን ስለሚናገር ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ‹‹ሦስተኛው ኩሽኔታ›› ይላል። ሲፈታ ሦስተኛው ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ግራ ጆሮው ጭራሽ የማይሰማ፣ ቀኝ ጆሮው ሲፈልግ ብቻ የሚሰማ ሆኖ ቀረ። ‹‹ሲፈልግ›› የምለው እኔ ነኝ። እናቴ ‹‹አንዳንዴ›› ነው የምትለው።

መኪናዋ የእሱ ናት። ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚነዳት ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ሲነዳ ደግሞ እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ አያነሳም። ሌላ ሰው ክንዱን መስኮት ላይ እንደሚያሳርፍ እሱ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፋል። አባቴ መቶ ጊዜ ነገረው። መቶ አንደኛው ላይ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ተቃጠለ፤ መኪናዋ ሞተሯ እየጮኸ መሄድ አቃታት፣ በሰው ተገፍታ ግቢ ገባች።

ዲስኩን ለማውጣት አባቴ ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ብቻውን አወረደው። ያኔ ወገቡ ገና አልከዳውም ነበር። የተቃጠለውን ዲስክ ይዞ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ወንድሜ ምሳ ወደሚበላበት ክፍል ገባና ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠለት። ‹‹ይኼ እግርህ ነው›› አለው። ወንድሜ ዲስኩን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ ተነሣና ወጣ። ማታ ይመለሳል ብለን ነበር። ስምንት ወር ቆየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የግቢውን በር ቀን ቀን መቀርቀር ተወች። ማጠፊያው ስለዛገ ሰው በነካው ቁጥር ይንሰቀሰቃል። በተንሰቀሰቀ ቁጥር እሷ ካለችበት፣ ከማድ ቤትም ይሁን ከመኝታ ቤት፣ ‹‹ገባ?›› ትላለች። ማን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ቤት ‹‹ገባ?›› ማለት ወንድሜ ማለት ሆነ። ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሳይቀር ለመደውና ከበሩ ላይ ‹‹እኔ ነኝ እናቴ፣ አልገባም›› ይላት ጀመር።

ካምቢዮው ደግሞ በረንዳ ላይ ጆንያ ተነጥፎለት፣ አበባ ያለበት አሮጌ መጋረጃ ለብሶ ተቀመጠ። እናቴ የታጠበ ጫማ ታሰጣበታለች።

በስምንተኛው ወር እኔ ሥራ አገኘሁ። የመንገድ ጥገና ተቆጣጣሪነት ነው። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ የተበተኑ አምስት የሥራ ቦታዎችን በየቀኑ እየዞርኩ እለካለሁ፣ የተበላሸውን ‹‹አፍርሱ›› እላለሁ። ‹‹አፍርሱ›› ለማለት አምስት ዓመት ተምሬያለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ሌላ ሰው ለክቶ ያመጣውን ቁጥር ወደ ሥዕል ስገለብጥ ነው የቆየሁት። ፈተናውን አለፍኩ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ፣ ‹‹ድርጅቱ በመጀመሪያው ዓመት መኪና አይሰጥም። መኪና አለሽ?›› አለችኝ።

‹‹አለኝ።››

አልዋሸሁም። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ነበረች፣ ካምቢዮዋ በረንዳ ላይ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከነመኪናሽ ነይ ተባልኩ። ይህ የተነገረኝ ሐሙስ ነው።

‹‹ካምቢዮው ከገባ መኪናዋ ያንቺ ናት›› አለ አባቴ የዚያን ዕለት።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ‹‹የእሱስ?››

‹‹የምን ሱስ?›› አለ አባቴ። ቀኝ ጆሮው አልፈለገም።

ወገቡ መኪና ሥር መተኛት አይችልም። ስለዚህ እጁ እኔ ሆንኩ። ቅዳሜ በጀርባዬ ተኝቼ አዲሱን ዲስክ ስገጥም እሱ አጠገቤ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዕቃ ያቀብለኛል፣ ያዝዘኛል፣ ይሰድበኛል። ዲስኩን ሲያቀብለኝ ገልብጦ ነው የሰጠኝ። ዲስክ ፊትና ጀርባ አለው፤ በተገላቢጦሽ ከገባ ፍሪሲዮኑ አይለቅም።

‹‹አባዬ፣ ተገልብጧል።››

‹‹ምኑ?››

‹‹ዲስኩ። ይኸው፣ በሞተሩ በኩል የሚሆነው ፊት የትኛው እንደሆነ ተጽፎበታል።››

‹‹ጽሑፉ ለማያውቅ ሰው ነው። አንቺ ሳትወለጂ ስገጥም የነበረውን ዲስክ ልታስተምሪኝ ነው? እንደሰጠሁሽ አስገቢው። ገባሽ?››

‹‹ገባኝ።››

መኪናዋ ሥር ጨለማ ነው። ዲስኩን አዙሬ አስገባሁት። እስከ ዛሬ አያውቅም።

ዲስኩ በብሎኖቹ ከመጠበቁ በፊት ልክ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ከካምቢዮው ፊት የሚወጣው ጥርሳም ዘንግ ቀዳዳውን አያገኘውም። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፣ እኛ ጋ ግን የለም። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጬ፣ ጫፉን በቢላ ጠርቤ፣ መሃሉን በፕላስተር ጠቅልዬ ልኩን አስያዝኩት።

‹‹አምስት ዓመት መጥረጊያ መጥረብ ነው ያስተማሩሽ?›› አለ አባቴ።

‹‹ሦስተኛው ዓመት ላይ ወለል መወልወልም ነበር።››

ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ዓመት አልፎኝ ነበር። እንጨቱን ተቀብሎ ዓይኑ አጠገብ አድርጎ አገላበጠውና ‹‹አይከፋም›› አለ። በእሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው። ዲስኩ መሃሉን ያዘ፣ እንጨቱ ሳይነካካ ገባና ወጣ። የቀረው ካምቢዮው ብቻ ነበር።

እሁድ ጠዋት ጎረቤታችን አናጢው ብብቱ ሥር ጣውላ ይዞ መጣ። ክሪኩ አናት ላይ ተቀምጦ የካምቢዮውን ሆድ የሚያቅፍ፣ መሃሉ የጎደጎደ ጣውላ ነው፤ እኔ ልክ ሰጥቼው እሱ ሠራው።

‹‹የሕፃን አልጋ ሠርቻለሁ፣ የሬሳ ሣጥን ሠርቻለሁ›› አለ። ‹‹የካምቢዮ አልጋ ግን የመጀመሪያዬ ነው።››

‹‹ከሁለቱ ለየትኛው ይቀርባል ጋሼ?››

‹‹እሱን ስትጨርሺ ትነግሪኛለሽ።››

መኪናዋን አራት ወፋፍራም ጉማጆች ላይ አቁመናታል። ካምቢዮውን እኔና አናጢው ከነጆንያው ጎትተን ሥሯ አስገባነው፤ እናቴ የታጠቡትን ጫማዎች በእጇ እንደያዘች ቆማ አየችን። ከዚያ ቦታ ቦታችንን ያዝን። እኔ በጀርባዬ ከታች፤ አናጢው ክሪኩን ለመርገጥ በጎን ተንበርክኮ፤ አባቴ ከላይ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ክንዱን ከሞተሩ ኋላ ሰዶ። ችግሩ ይህ ነው፤ ከላይ ያሉት ሁለት ብሎኖች የሚደረሱት ከኮፈኑ ሥር ብቻ ነው፤ የካምቢዮው አፍ ከሞተሩ ጋር መግጠሙ የሚታየው ደግሞ ከታች ብቻ። የሚያየው አያጠብቅም፣ የሚያጠብቀው አያይም።

‹‹ስሚኝ›› አለ አባቴ ከላይ። ‹‹እኔ ምንም አላይም። ሁለቱን ብሎኖች በጣቴ አስይዣቸው እቆያለሁ። ገባ ካላልሽ አላጠብቅም።››

‹‹ገባ ካላልኩ ቁልፉን እንዳትነካ።››

‹‹እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኩሽ!››

እውነቱን ነው። ሁለት ተለማማጆችን ከጋራዥ ያባረረው በዚህ ነው። ካምቢዮ በእጅ ነው የሚገባው። እየወዘወዙ፣ እያባበሉ፣ ጥርስ ከጥርስ እስኪገናኝ። ሲገናኝ ራሱ ይገባል፣ አፉ ሞተሩ ላይ ጥብቅ ይላል፣ ከዚያ ብሎን ይጠብቃል። አልገባ ያለውን በብሎን ስቦ ለማስገባት የሞከረ ሰው ወይ ዲስኩን ያጣምማል ወይ የካምቢዮውን ጆሮ ይሰብራል። ጆሮ የምንላቸው ከአፉ ዙሪያ የወጡትን ብሎን የሚያልፍባቸውን ክንፎች ነው። አልሙኒየም ናቸው። አይታጠፉም፣ ይሰበራሉ። አባቴ ያን ጊዜ ልጆቹን ሲያባርር ‹‹ሂዱ፣ ብሎን ማጥበቅ የሚያውቅ ሁሉ መካኒክ አይባልም›› እንዳላቸው ቤት መጥቶ ለሦስት ቀን ነግሮናል።

አናጢው ክሪኩን ረገጠ። ካምቢዮው ፊቴ ላይ ተነሣ። ዘንጉን ወደ ቀዳዳው አቀናሁና በሁለት እጄ ገፋሁ። አንድ መዳፍ ያህል ቀረውና ቆመ።

‹‹ገባ?›› አለ አባቴ።

‹‹አልገባም።››

‹‹ምን?››

‹‹አልገባም!››

‹‹ገባም?››

‹‹አል! አል! አልገባም!››

‹‹ጆሮ፣ ‹አል› ብላለች›› አለ አናጢው።

ከመኪናዋ ሥር ብቅ አልኩ። ‹‹አባዬ፣ እንዲህ አይሆንም። ሲገባ በቁልፍ ሦስት ጊዜ ብረቱን እመታለሁ። እስከዚያ ዝም በል።››

ፊቱ ተለወጠ። ‹‹እኔ ደንቆሮ ነኝ?››

‹‹አላልኩም።››

‹‹ሦስት ጊዜ የምትደበድቢው ለደንቆሮ ነው። የልጄን ድምፅ አጣሁት? ያንቺን ድምፅ ካልሰማሁ አልነካም አልኩሽ፣ አበቃ።››

አናጢው በዓይኑ ተይው አለኝ። ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሳስብ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። በድምፅ መተማመን ሞኝነት እንደሆነ ማንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል፤ እኔ ግን እንዳይከፋው ብዬ ተውኩት። ሰው እንዳይከፋው ያደረግኩት ነገር ያን ሰሞን እሱ ብቻ ነው።

ገብቼ ተኛሁ። ካምቢዮውን አራተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ጭራውን በእጄ እያዞርኩ ገፋሁ። ጥርሶቹ ቀጭ ብለው ትንሽ ገቡ። አናጢው ክሪኩን በጣም ትንሽ ዝቅ፣ በጣም ትንሽ ከፍ ያደርግልኛል። የክንዴ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ውስጥ የዛገ አፈር ይወድቃል። መዳፍ የነበረው ሦስት ጣት ሆነ። ሦስት ጣት ሁለት ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረው አንድ ጣት ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ አልነቃነቅ አለ። ምን እንደያዘው አውቄዋለሁ። የዘንጉ ጥርስ ከዲስኩ ጥርስ ጋር በፀጉር ያህል ተሳስቷል። ሞተሩን ከፊት በቁልፍ ትንሽ ማዞር ነው የሚፈልገው፤ የሩብ ደቂቃ ሥራ።

‹‹አባዬ!›› አልኩ። ‹‹ገና ነው። ቁልፍ ይዘህ ሞተሩን ከፊት ትንሽ አዙርልኝ!››

‹‹ቁልፍ?››

‹‹አዎ፣ ከፊት! ሞተሩን!››

ቁልፍ ሲያነሣ ሰማሁ። በዚህ መሃል የግቢው በር ተንሰቀሰቀ።

በመኪናዋ ጎማና በመሬቱ መሃል የሚታየኝ በረንዳው ነው። የእናቴ እግሮች ቆሙ። ከእጇ የሆነ ነገር ወድቆ ተንኮታኮተ። ከዚያ እግሮቿ ሮጡ፤ አንዱ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ቀረ።

‹‹ገባ!›› አለች። ስምንት ወር ሙሉ ስትጠይቀው የነበረውን አሁን ልትናገረው። ‹‹ገባ! ገባ! ገባ!››

ፊቴ ላይ ያለው ክፍተት ከላይ በኩል መጥበብ ጀመረ።

መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ከታች አንድ ጣት እንደሆነ ነው፤ ከላይ ግን ግማሽ ጣት ሆኗል። ካምቢዮው አንገቱን አጣምሞ እየተሳበ ነበር።

‹‹አልገባም!›› ብዬ ጮህኩ።

‹‹ገባ!›› ትላለች እናቴ ከበሩ።

‹‹አልገባም! አባዬ አልገባም!››

‹‹ገባ ልጄ! ገባ!››

ከውጭ ለሰማን ሰው ዘፈን የምንቀባበል ነበር የምንመስለው። አናጢው ‹‹ጆሮ! ጆሮ ተው!›› እያለ ኮፈኑን በመዳፉ ደበደበው። ከላይ ቁልፉ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ዞረ። ጧ አለ። ትልቅ ድምፅ አይደለም፣ ደረቅ ዱላ ሲሰበር ያህል ነው። ከአውራ ጣቴ ትንሽ የሚበልጥ ብረት ደረቴ ላይ ወደቀ።

ብረቱን ይዤ ወጣሁ። ወንድሜ በሩ አጠገብ ትከሻው ላይ ቦርሳ አንጠልጥሎ ቆሟል። ወፍሯል። እናቴ አንድ እግሯን በባዶው አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች። አባቴ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

‹‹ሰበርከው›› አልኩ።

ማንም አልዞረም።

‹‹አባዬ፣ ጆሮውን ሰበርከው!››

‹‹ጆሮዬን ምን ሆነ?›› አለ።

መዳፉን ይዤ ስባሪውን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ረጅም ጊዜ አየው። ሲያየው ፊቱ ላይ የነበረውን ልገልጸው አልሞክርም፤ መካኒክ ነው፣ ምን እንደያዘ አውቋል።

‹‹ገባ ብለሻል›› አለ በመጨረሻ።

‹‹አላልኩም።››

‹‹ሰምቻለሁ እኮ።››

‹‹እማዬ ናት ያለችው። ስለ እሱ ነው።››

አባቴ ወደ እናቴ አየ፣ ወደ ወንድሜ አየ። ‹‹ታዲያ ተብሏል›› አለ።

‹‹እሷስ አልገባም ነው ስትል የነበረችው፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ›› አለ አናጢው ጉልበቱን እያራገፈ።

‹‹አንተ ደግሞ ሂድና እንጨትህን ጥረብ!›› አለች እናቴ። ‹‹ልጄ በር ላይ ቆሞ ስለ ብረት ትነታረካላችሁ?››

ወንድሜ ሳቀ። ሲሳሳት፣ ሲያፍር፣ ሲጨንቀው ሁሌም የሚስቀው ሳቅ ነው። ‹‹እንዴት ነሽ ኢንጂነሯ፣ ሰላም አትዪኝም? እኔ ስወጣ ካምቢዮው ወጥቶ ነበር። እኔ ስገባ እሱ ገና አልገባም?››

እናቴም ሳቀች። አባቴ እንኳ ሊስቅ ሲል እኔን አይቶ ተወው። ስባሪውን ከእጁ ወስጄ ኪሴ ከተትኩት።

ጆሮውን ይቅር ልለው እችል ነበር። ጆሮ አይሰማም፣ አይፈረድበትም። እጁን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ብሎን የገጠመን ነገር ሲያጠብቅና ያልገጠመን ሲስብ ለእጅ አንድ አይደለም። የገጠመው አንድ ዙር ይዞርና ይቆማል። የሚሳበው ይከብዳል፣ ያቃስታል፣ አይቆምም። አባቴ ቢያንስ ስድስት ጊዜ አዙሮታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ እጅ ይህን በመጀመሪያው ዙር ያውቀዋል። አውቋል። ዲስኩን ሳህኑ አጠገብ ያስቀመጠለት ልጁ በሩን አልፎ ሲመጣ ካምቢዮው በቦታው እንዲሆን ፈለገ፤ የስምንት ወሩ ነገር በሁለት ብሎን ተዘግቶ፣ ኮፈኑ ወርዶ፣ እጁን እየጠረገ ሊቀበለው። ይህን ለመረዳት አምስት ዓመት መማር አያስፈልግም። ገብቶኛል። ግን እኔ ከሥሩ ነበርኩ።

እነሱ ምሳ ሲቀርቡ እኔ ተመልሼ መኪናዋ ሥር ተኛሁ። አናጢው ሳይነግረኝ አብሮኝ ተንበረከከ። ብሎኖቹን ፈትተን ካምቢዮውን አወረድነው። የመጥረጊያ እንጨቴን ዲስኩ መሃል ሰደድኩት። ቅዳሜ ሳይነካካ የገባው እንጨት አሁን ጫፉ ወደ ጎን ሄዶ ቆመ። ዲስኩም ታጥፏል።

‹‹ወደ የትኛው ቀረበ?›› አለኝ አናጢው።

‹‹ወደ ሁለተኛው።››

ጣውላውን አንሥቶ ብብቱ ሥር አደረገና ሄደ።

እጄን ታጥቤ ገባሁ። ወንድሜ በድሮ ቦታው ተቀምጧል፣ እናቴ ሳህኑ ላይ እያከለችለት ነው።

‹‹ይበየዳል›› አለ አባቴ ሳያየኝ። ‹‹አልሙኒየም የሚበይድ ሰው አውቃለሁ።››

‹‹ለነገ ጠዋት?››

‹‹ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት።››

‹‹ዲስኩም ታጥፏል። ሌላ ይፈልጋል።››

‹‹ዲስኩ ምንም አልሆነም። እኔ አውቃለሁ።››

‹‹ከተበየደ በኋላስ የማን ናት?››

ወንድሜ ማኘክ አቆመ። ‹‹እኔ ምንም አልጠየቅኩም›› አለ፤ እውነቱን ነው፣ በሕይወቱ ጠይቆ አያውቅም።

‹‹እስቲ አሁን ይብላበት›› አለች እናቴ። ‹‹እሱ እኮ ሥራ የለውም። ትንሽ ይሥራባት፣ ቤት ያቆየዋል። አንቺ ተምረሻል።››

‹‹ለእኔ ነው የተባለችው። አባዬ፣ ሐሙስ ምን ነበር ያልከው?››

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ‹‹ካምቢዮው ከገባ ነው ያልኩት›› አለ በዝግታ። ‹‹አልገባማ።››

ያን ቀን ‹‹አልገባም›› የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ የተሰማው ከእሱ አፍ ነው።

ሰኞ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ የሚሞላበትን ቅጽ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

‹‹የሰሌዳ ቁጥር?››

‹‹መኪና የለኝም።››

እስክሪብቶዋን አነሣች። ‹‹አለኝ ብለሽ ነበር።››

‹‹ያኔ ነበረኝ።››

ምን ልበላት? አባቴ ‹አል› የምትለዋን ሳይሰማ ቀረ ልበላት? ስባሪው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ላስቀምጠው አሰብኩ። አባቴ ዲስኩን ያስቀመጠበትን ዕለት አስታውሼ ተውኩት።

ሥራው በፈተናው ሁለተኛ ለወጣው ሰው ተሰጠ። መኪና አለው፣ አባቱ ገዝቶለት ነው። መልካም ሰው ነው፣ ይህም ያናድዳል። ለእኔ ደግሞ ‹‹ችሎታሽን ማጣት አንፈልግም›› ብለው የሥዕል ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሰጡኝ። እሱ ለክቶ የሚያመጣውን ቁጥር እገለብጣለሁ። አንዳንዴ ቁጥሩ ስህተት እንደሆነ አያለሁ። መንገዱ ላይ ቆሞ ‹‹አፍርሱ›› ማለት ያለበት ግን እሱ ነው፤ አይልም፣ ሰው ማስከፋት አይወድም።

ከሥራው አጠገብ ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። እናቴ በሳምንት አንዴ ትደውላለች። ጆሮው ተበየደ፣ ካምቢዮው ገባ፣ ወንድምሽ ሠርቶ ይገባል፣ በጊዜ ይገባል። ‹‹ገባ›› የምትለውን ቃል አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ታስገባዋለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ዕለት፣ የደወለው ግን አባቴ ነው። ስልክ አይወድም፣ ይጮሃል።

‹‹ስሚ! መኪናዋ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ትንቀጠቀጣለች! ማርሽ ስትቀየር ትጮሃለች! ወንድምሽ እግሩን አያነሳም ብዬ ብቆጣው አሁን አነሳለሁ ይለኛል። አብሬው ተቀምጬ አየሁት፣ እውነትም ያነሳል። ካቻቢቴውን ይዤ ላዳምጠው ሞከርኩ...›› ትንፋሹ ይሰማኛል። ‹‹ምን ይመስልሻል?››

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዲስኩ ነው። የታጠፈ ዲስክ ነው ያስገቡት። ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት፣ አዲስ ዲስክ መግባት አለበት፣ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ ዘንጉን ማባበል አለበት። ወንድሜ ይህን አይሠራም፣ አባቴ አይችልም። ‹‹እሁድ እመጣለሁ›› ብል ሁሉም ነገር ይሠራል። መኪናዋ አትንቀጠቀጥም፣ እናቴ ትመርቀኛለች፣ እኔም ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ እመለሳለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ያደረግኩት ስባሪ አለ። አነሣሁት፣ አስቀመጥኩት።

‹‹አልገባኝም፣ አባዬ›› አልኩ።

‹‹ምን?››

‹‹አልገባኝም!››

‹‹ገባኝ? ገባሽ?›› አለ፤ ድምፁ ቀለል አለው። ወደ ኋላ ዞሮ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት፤ ‹‹አላልኩሽም? ገባኝ አለች! ልትመጣ ነው!››

አላረምኩትም። ስልኩን ዘጋሁት። አልሄድኩም።